ክሊራንስ ያስፈረምኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ቢሮአችን ለልምምድ የመጣች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ "ጋሼ፣ ኮሌጅ ልቀይር እያሰብኩ ነው፣ ምን ይሉኛል?" አለችኝ። ሥራ ላይ ነበርኩና "እናወራበታለን" ብዬ አለፍኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው የእሷ ቢሆንም የነካው የእኔን ቁስል ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

እኔም ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ተዛውሬአለሁ። ሲቪል ምህንድስና ነበር የማጠናው። ሰው ሲጠይቀኝ "የተሻለ ኮሌጅ አግኝቼ ነው" እላለሁ። እውነቱን ዛሬ ልንገራችሁ። አንድ ኮርስ ላይ ዲ አገኘሁ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ተኳረፍን። በዚያው ሰሞን የልጅነት ጓደኛዬ ስሙ የገነነ ኮሌጅ ገባ። ሦስቱም በአንድ ወር ውስጥ ተደራረቡብኝ፣ ፎርም ሞልቼ አስገባሁ። ካልተቀበሉኝ አፍራለሁ ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቤተሰቦቼ እንኳ የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በዚያ ኮሌጅ የአፈር ላብራቶሪ የሚያስተምሩን አንድ መምህር ነበሩ። ንግግር አያበዙም። ከሚያሠሩን ሙከራዎች አንዱ እንዲህ ነው። እርጥብ አፈር ትንሽዬ የነሐስ ጽዋ ውስጥ ትለጥፋለህ፣ በመሐሉ ቦይ ታወጣለህ፣ ከዚያ እጀታውን በሴኮንድ ሁለቴ ታዞራለህ። ጽዋው 10 ሚሊሜትር ከፍ ይልና ይወድቃል፣ ከፍ ይልና ይወድቃል። ቦዩ 13 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ላይ ሲገጥም ስንት ምት እንደፈጀ ትጽፋለህ። የሚፈለገው ቦዩ በ25 ምት የሚገጥምበት የውሃ መጠን ነው። አሰልቺ ነው፤ ብዙዎቻችን አንድ ሁለቴ ሞክረን የቀረውን ቁጥር ከጓደኛ እንገለብጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁሉም ሄዶ ብቻዬን ቀረሁ። ግራፉ ላይ ያሰፈርኳቸው ነጥቦች መስመር ላይ አልወድቅ ብለውኝ እንደ አዲስ እየሠራሁ ነበር። አራተኛዬ ይሁን አምስተኛዬ አላስታውስም። ጣቶቼ በጭቃ ተለውሰዋል። ዞር ስል መምህሩ ከኋላዬ ቆመዋል። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ አላውቅም። "እጅህ አይቸኩልም" አሉኝና ወጡ። ይኸው ነው። እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፣ ዲዋ እንጂ ሌላ ነገር ጆሮዬ አይገባም ነበር።

ዝውውሩ ተፈቀደና ክሊራንስ ማስፈረም ጀመርኩ። ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ስቶር፣ መጨረሻ ላይ ላብራቶሪ። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ወረቀት አወጡ። ለቀጣዩ ዓመት የመረጧቸው የላብራቶሪ ረዳቶች ዝርዝር ነው። ሦስት ስም፣ በእርሳስ የተጻፈ። የመጀመሪያው የእኔ ነበር። "ቀደም ብለህ ብትነግረኝ አወራህ ነበር" አሉ። ላጲስ አንስተው ስሜን አጠፉት፣ ክሊራንሱን ፈረሙልኝ፣ "ይቅናህ" አሉኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ልግባና ልናገር አልኩ፣ አፈርኩና ሄድኩ።

አዲሱ ኮሌጅ ስደርስ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ትራንስክሪፕቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ማስመሪያ አስደግፋ መስመር በመስመር ወረደች። ይሄ ይያዛል፣ ይሄ አይያዝም። ይዤ የሄድኩት 104 ክሬዲት ነው፣ የተያዘልኝ 61። አንዳንዱ ኮርስ ስሙ አንድ ሆኖ የላብራቶሪ ሰዓቱ አንሶ ተገኘ። ለአንዳንዱ ኮርስ አውትላይን አምጣ ተባልኩ፣ የለኝም። የአፈር ኮርሱን ከዜሮ ደገምኩት። በአንድ ጽዋ ዙሪያ ዘጠኝ ተማሪ ነበርን፣ ሴሚስተሩ አልቆ እጀታውን አንድ ቀን አልነካሁትም። ኮሌጁ መጥፎ አልነበረም፣ ጎበዝ መምህራን ነበሩት። ለእኔ ግን አንድ ዓመት ተኩል ጨመረብኝ፤ እኚያ ሰው አጠገብ ሆኜ የምማረውን ደግሞ የትም አላገኘሁትም።

የክሬዲቱ ነገር በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 ከመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ወደ ሌላ የመንግሥት ኮሌጅ ለሄዱት 37 ከመቶ ነው። ከአትራፊ የግል ኮሌጅ ወደ መንግሥት ለሄዱት ግን 94 ከመቶ! ስለዚህ "ልዛወር ወይ?" ከማለታችሁ በፊት "ከየት ወዴት?" የሚለው መመለስ አለበት። ስንት ክሬዲት እንደሚይዙላችሁ ያላችሁበትን ሳትለቁ በጽሑፍ ጠይቁ። ተያዘ ማለትም ሁለት ዓይነት ነው። በምርጫ ኮርስ ስም ተይዞ የዲፓርትመንቱን ዋና ኮርስ የማይተካ ክሬዲት አለ፤ ቁጥሩ ያምራል፣ መመረቂያችሁን ግን አያቀርብም። ብዙ ቦታ ደግሞ ክሬዲቱ ይያዛል እንጂ ውጤቱ አብሮ አይሄድም፣ ጂፒኤ ከዜሮ ይጀምራል። ዲ ያለው ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ኤዎቼም አብረው እንደቀሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የዛሬ ልጆች ኮሌጅ የምትመርጡት ስልክ ላይ በምታዩት ቪዲዮ ነው፣ ይሄ ያሳስበኛል። ያማረ ሕንፃና የሚስቁ ተማሪዎች ታያላችሁ። አንድ የላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ስንት ተማሪ እንደሚቆም ማንም ቀርጾ አያሳያችሁም። ትቸኩላላችሁም። ግን ደግሞ ይቺ ልጅ መጥታ ጠየቀችኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ አንድ ሰው አልጠየቅኩም። በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ታገሱ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እውቅናው አጠራጣሪ የሆነ ኮሌጅ ውስጥ "ይስተካከላል" እየተባለ አራት ዓመት ቆየ። ዲግሪውን ይዞ በር ሲያንኳኳ የሚቀበለው አጣ። እንዲህ ያለ ቦታ ያላችሁ የእኔን ታሪክ እርሱትና ዛሬውኑ ውጡ። ቤተሰብ ታሞ መቅረብ የግድ የሆነበት፣ የሚፈልገው ትምህርት ባለበት ቦታ ጭራሽ የሌለ፣ እሱም ይሂድ። ሌላው ግን ፎርሙን ከማስገባቱ በፊት ሥራውን ለሚያውቅ አንድ መምህር ይንገር። ጓደኛ አይበቃም። ጓደኛ ስሜታችሁን ያውቃል፣ መምህሩ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ያውቃል።

እኚያን መምህር ዳግም አላየኋቸውም። ስመረቅ ደብዳቤ ልጽፍላቸው አስቤ ነበር፣ አልጻፍኩም።

ልጅቷን ረቡዕ ከምሳ በኋላ ቀጥሬአታለሁ። ትራንስክሪፕቷን፣ የሁሉንም ኮርስ አውትላይንና የምትሄድበትን ኮሌጅ ካሪኩለም ይዛ ትመጣለች። ማስመሪያ እኔ ጋ አለ።