እስያ ላይ ለምትጽፉ ተመራቂዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን መድረሱን የማውቀው ከደብዳቤዎቻችሁ ነው። ዘንድሮ ነፋሱ ወደ እስያ ዞሯል። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

«ርዕሴ ‹የቻይናና የአፍሪካ ግንኙነት ከጥንት እስከ ዛሬ› ነው። አርባ ገጽ ይበቃኛል?»

አርባ ዓመትም አይበቃህም። አንድ አገር፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ዘመን ያዝ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ራሱ ሰፊ ነው። ከሱም ላይ ቁረጥ፦ ለምሳሌ የእኛዎቹ ባቡር ነጂዎች ሙያውን ከቻይናውያን እንዴት ተማሩ?

አንድ የታሪክ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያና ጃፓን ሊጽፍ ነው። ጃፓንኛ ስለማይችል ርዕሱን ይቀይር እንደሆነ ይጠይቃል። ፕሮፖዛሉንም ልኮልኛል። የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ሄደው የኢትዮጵያን የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይዘው መጡ ይላል።

አትቀይር። የጎደለህን ስትቆጥር የያዝከውን ረሳህ። አማርኛ ታነባለህ እኮ! ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስለ ጉዟቸው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን የጻፉት በአማርኛ ነው። ቶኪዮ ያለው ተማሪ በትርጉም የሚያገኘውን አንተ ከምንጩ ትጠጣዋለህ። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ ሄደህ ጠይቅ።

ፕሮፖዛልህን ግን አስተካክል። ሕገ መንግሥቱ የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ነው። ኅሩይ ጃፓን የገቡት በ1924 ነው። ሁለቱም በፈረንጅ 1931 ላይ ስለሚውሉ ተምታታብህ። የጃፓን ሰነድ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቆጥሮ ያንኑ ዓመት ሾዋ 6 ይለዋል (ከእኛ ሸዋ ጋር ዝምድና የለውም)። ሌላ ነገር ሳትጽፍ በፊት የሦስቱን አቆጣጠር ሰንጠረዥ ሥራና ግድግዳህ ላይ ለጥፍ።

አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ዋና መነሻቸው በ1889 እ.ኤ.አ.፣ በጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት በሜጂ ዘመን የወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። የጃፓኑ 76 አንቀጽ አለው፣ የእኛው 55። ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና በእርሳስ እያሰመርክ አንብብ። ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈር መሆኑ ሁለቱም ውስጥ አለ። ምክር ቤቱ ላይ ስትደርስ ግን መንገዱ ይለያያል። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት በምርጫ ነው የሚገቡት። መራጩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ግብር ከፋይ ወንድ ብቻ ቢሆንም፣ ምርጫ ምርጫ ነው። የእኛው ሕግ ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይምረጡለት ይላል። ምን ተቀነሰ? ማን ቀነሰው? ለምን? ጥናትህ ይኸው ነው። አንዲት አንቀጽ ይዘህ አርባ ገጽ ትሞላለህ።

የሜጂው ሕግ በእንግሊዝኛ በቀላሉ ይገኛል። በትርጉም እንዳነበብከው ግን በግልጽ ጻፍ። አለማወቅ አያሳፍርም፣ ያነበቡ መምሰል እንጂ። እና እባክህ፣ «ጃፓን የት ደረሰች፣ እኛ የት ቀረን» የሚለውን ቁጭት ለካፌ ተወው። መቶ ጊዜ ሰምተነዋል።

«ማኦ ዜዱንግን በዋቢ ዝርዝር የት ላስገባ?»

ማኦ የቤተሰብ ስሙ ነው፤ በ«ማ»።

አሜሪካ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ተበሳጭተዋል። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምሥራቅ እስያ ጥናት መረጠች። «ነርሲንግ ምን አላት?» ይላሉ።

ነርሲንግማ ምንም አላላትም። የሥራውን ነገር የዩኒቨርሲቲዋን የሥራ አማካሪ ትጠይቅ። ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው። ልጅዎ ጃፓንኛ እያጠናች አማርኛ ማንበብ ካቃታት፣ ከላይ ያልኩትን የኅሩይን መጽሐፍ ፈልገው ቁጭ ብለው ያንብቡላት። ክፍሏ ውስጥ እንዲህ ያለ እናት ያላት ሌላ ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንዲት ተማሪ ከቤሩት የተመለሱ እህቶችን ልታነጋግር አስባለች። አማካሪዋ «ይሄ ደግሞ የእስያ ጥናት ነው?» አላት።

ሊባኖስ ያለችው እስያ ውስጥ ነው። በትሕትና ካርታ አሳዪው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዷ ታሪኳን እየነገረችሽ ብታለቅስ መቅረጫውን ታጠፊያለሽ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ የምትልኪያት የምክር ባለሙያ ከሌለ፣ አትጀምሪው። ይህን ለወጉ አይደለም የምልሽ። መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ፈቃድ አውጪ። ባለሙያውን ቀድመሽ በአካል አግኝተሽ ተስማሚ። ስም የለም፣ ፎቶ የለም፣ የሰፈር ስምም የለም። ሐሳቧን ቀይራ «ይቅር» ያለችሽ ሴት ካለች፣ ጽሑፍሽ ሊያልቅ አንድ ቀን ቢቀረውም ቃሏን አውጪው። ደጋግማችሁ ብትጽፉልኝም መልሴ አይለወጥም።

«አማካሪዬ ስልክ አያነሱም።»

ዲፓርትመንት ሄደህ በጽሑፍ አመልክት። የእኔም አያነሱም ነበር።

«ሽፋኑ ላይ የዘንዶ ሥዕል ባደርግ ያምራል?»

ርዕስህ የደቡብ ኮሪያ የምርጫ ሕግ ነው ብለሃል። ዘንዶው ሊመርጥ ነው?