በየሚያዝያው የሚመለሰው «ሳይነስ»

ባለፈው ጥምቀት የእህቴ ልጅ ከስቶክሆልም መጥታ ባህር ዳር እኛ ጋ ሰንብታ ነበር። አንድ ጠዋት ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አየሩን ሳብ አደረገችና «ጋሼ፣ ሳይነሴ ድራሹ ጠፋ እኮ! የሀገሬ አየር ፈወሰኝ» አለችኝ።

«እዚያ መቼ መቼ ነው የሚነሳብሽ?» አልኳት።

«ከፋሲካ አካባቢ ጀምሮ እስከ ግንቦት።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«አሁን፣ በጥር፣ ስቶክሆልም ብትሆኚስ ያምሽ ነበር?»

ዝም አለች። በጥር እዚያም አያማትም። ስዊድን ውስጥ በጥር ዛፉ በአብዛኛው ተኝቷል። እሷን የሚያሰቃያት በርች የሚባለው ነጭ ልጥ ያለው ዛፍ ደግሞ እኛ ሀገር የለም። ወቅቱም አልደረሰ፣ ዛፉም የለ። አየራችን ጥሩ ነው፤ ግን ይህ ፈውስ አይደለም። ሚያዝያ ሲመጣ እሷም አፍንጫዋም ስቶክሆልም ናቸው።

ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ላላችሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ውስጥ 19 ዓመት ታክሲ ነድቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ከእነዚያ ውስጥ ቢያንስ 6ቱን ጸደይ በከንቱ ተሰቃይቻለሁ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ በሽታዬን በስሙ፣ አለርጂ ብዬ፣ አልጠራሁትም ነበር። እኛ አፍንጫ ላይ የሚሆነውን ሁሉ «ሳይነስ» እንላለን። ካልሆነ «ጉንፋን»፣ ካልሆነ «ብርድ መታኝ»፣ ፊት ካበጠ ደግሞ «ምች»። የዛፍ አበባ ዱቄት፣ ፈረንጆቹ ፖለን የሚሉት፣ ይህን ያህል ሰው ሊያሳምም ይችላል ብሎ የነገረን አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ምንም አልሆንኩም። በ5ኛው ጸደይ ጀመረኝ። ብዙዎቻችሁም «ይሄን ያህል ዓመት ስኖር ያልነካኝ አሁን ከየት መጣ?» ስትሉ እሰማለሁ። አለርጂ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰውነት የማያውቀውን ዱቄት መጀመሪያ ይተዋወቀዋል። ደጋግሞ ሲያገኘው እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ነው ባየው ቁጥር የሚቆጣው። ለዚህ ጥቂት ጸደዮች ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ለምዶኛል ስትሉ የሚጀምራችሁ ነገር እንግዳ አይደለም።

እኔ ፌጦም ዝንጅብልም ሞክሬያለሁ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ በባልዲ ያበቀለችውን ዳማከሴ አሽታ በቡና ሰጥታኛለች። አንድ ክሊኒክ ሄጄም ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዞልኛል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ የዛፍ ዱቄት ላይ ምንም አያደርግም። ከሁሉ የከፋው ግን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ራሴ አንስቼ የዋጥኩት ክኒን ነው። ዳይፈንሃይድራሚን ነበር፤ የቆየው፣ እንቅልፍ የሚያስይዘው የአለርጂ ክኒን ዓይነት። ሰው ጭኜ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ኋላዬ ባለው መኪና ጡሩምባ ነቃሁ። ያን ቀን ምንም አልደረሰም። ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ልቤ ይመታል። ኡበርም ይሁን ከባድ መኪና የምትነዱ፣ ይህችን ነገር አደራ።

እንዴት ይለያል? እኔ በማሳከኩ እለየዋለሁ። ጉንፋን እምብዛም አያሳክክም። አለርጂ አፍንጫን፣ ዓይንን፣ ላንቃን፣ አንዳንዴም ጆሮን ከውስጥ ያሳክካል። ማስነጠሱ ተከታታይ ነው። ፈሳሹ እንደ ውኃ ቀጭንና ንጹህ ነው። ትኩሳት የለውም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ በ10 ቀን ይለቃል፤ ይኼኛው ግን ዛፉ እስኪጨርስ አይለቅም። ዓይነተኛው ሳይነስ ደግሞ ፊትን ወጥሮ ያማል፣ ወፍራም ፈሳሽ አለው፣ ማሽተትም ይቀንሳል። ልጆች ላይ ምልክቱ ሌላ ነው። አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ወደ ላይ ያሻሉ፣ በአፋቸው ይተነፍሳሉ፣ ከዓይናቸው ሥር ይጠቁራል። ፈተና የሚደርሰውም በዚያው ሰሞን ነው። ልጁ ሰነፈ ከማለታችሁ በፊት አፍንጫውን እዩለት።

ጥርጣሬ ካላችሁ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይነግራችኋል። እኔን ያሳመነኝ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋተኛው ዛፍ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አበባው ያማረ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ከደሙ ንጹህ ነው። ዓይን የሚስብ አበባ ንብ ለመጥራት የተሠራ ነው፤ ዱቄቱም ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ በአየር ብዙ አይሄድም። የዋሽንግተን ቼሪ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። የባህር ዳር ጎዳና ላይ ሐምራዊ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ጃካራንዳም እንደዚያው። የሚያስነጥሰን አበባው የማይታየን ዛፍ ነው። ዱቄቱን ለነፋስ አደራ የሚሰጠው ማለት ነው። በሰሜን አውሮፓ በርች፣ ዋሽንግተን አካባቢ በተለይ በሚያዝያ ኦክ። መኪና ላይ የሚቆለለው ቢጫ ዱቄት እንኳ በአብዛኛው የፓይን ነው፤ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ከኦክ ይልቅ ብዙም ሰው አያሳምምም። ቢጫው ሲታጠብ ተገላገልኩ አትበሉ። የማይታየው ነው ክፉው።

ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለባችሁ። የእናንተ ሴዳር የሚነሳው በጸደይ ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ገና ላይ «ብርድ መታኝ» የምትሉት እሱ ሊሆን ይችላል። ስሙ ሴዳር ይባል እንጂ ከእኛ የሀበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ እኔን ያዳነኝ የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። ፍሉቲካሶን ወይም ሞሜታሶን የሚባሉት፣ በብዙ ሀገር ያለ ማዘዣ ይገኛሉ። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም» ይላል። ስትጠይቁት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሞከረው። ይህ መድኃኒት ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ወቅቱ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመርና ሳያቋርጡ በየቀኑ መጠቀም ነው። አጠቃቀሙም ዘዴ አለው። አንገታችሁን ወደ ኋላ አትጣሉ፤ ትንሽ ጎንበስ በሉ። የቀኝ አፍንጫን በግራ እጅ፣ የግራውን በቀኝ እጅ ርጩ። ጫፉ ወደ መሃል አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። ከዚያ በኃይል አትሳቡ፤ ከሳባችሁ ጉሮሮ ውስጥ ይገባና ይባክናል። መሃሉን እየረጩ ነስር የመጣባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ከክኒን ሴቲሪዚን፣ ሎራታዲን ወይም ፌክሶፌናዲን ከቆየው ዓይነት ይሻላሉ። ሴቲሪዚን አንዳንዱን ሰው ያደክማል፤ የሚነዳ ሰው መጀመሪያ በእረፍት ቀኑ ይሞክረው። ፌክሶፌናዲንን በብርቱካን ወይም በፖም ጁስ አትዋጡ፣ ይዳከማል፤ በውኃ ብቻ። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍተው ኦክሲሜታዞሊን ደግሞ ደስ ይላል፣ ግን ከ3 እስከ 5 ቀን አይለፍ። ከዚያ በኋላ ራሱ መድኃኒቱ አፍንጫውን ይዘጋዋል፤ ሳትረጩ መተንፈስ ያቅታችኋል። ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊትም ያለባችሁ፣ ምንም ከመጀመራችሁ በፊት ፋርማሲስቱን አነጋግሩ።

ስለ ጾም ሳልናገር አላልፍም። የዛፉ ወቅትና ሁዳዴ ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። እስከ 9 ሰዓት እንጾማለን ብላችሁ መድኃኒቱን የምትተዉ አላችሁ። ከላይ የጠቀስኳቸው ክኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ዓይነት አላቸው፤ ማታ ውሰዱት። ረመዳን የምትጾሙም እንዲሁ በኢፍጣር ጊዜ። ስፕሬዩን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፤ ብቻ በዝምታ አትሰቃዩ።

ሌላም አለ። የበርች አለርጂ ያለበት ሰው ጥሬ ፖም፣ ኮክ፣ ካሮት ወይም ሃዘልነት ሲበላ አፉንና ጉሮሮውን ሊያሳክከው ይችላል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን የበርችን ስለሚመስል ነው። ሲበስል አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ሶያ ወተት ግን ከዚህ ይከብዳል። አንዳንድ የበርች አለርጂ ያለባቸው ሰዎች የሶያ መጠጥ ጠጥተው ፊታቸው አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። በጾም ማኪያቶውን በሶያ የምታደርጉ፣ አፋችሁን ካሳከካችሁ ቀልድ አይደለም። አቁሙና ሐኪም አማክሩ።

ቤት ውስጥ የኛ ኑሮ የራሱ ጣጣ አለው። ቡና ስንቆላ መስኮት እንከፍታለን። ጭሱ ይወጣል፣ ዱቄቱ ይገባል። እኛ ቤት ቡና የሚቆላው ዝናብ ካባራ በኋላ ሆነ፤ ከጥሩ ዝናብ በኋላ አየሩ ይጠራል። ደረቅና ነፋሻ ቀን ላይ ግን መስኮት ይዘጋል፣ ልብስም ውጭ አይሰጣም። ዕጣኑን በዚያ ሰሞን ቀንሱት፤ አለርጂው ያስቆጣውን አፍንጫ ጭስ ያብስበታል። እህቶቼ፣ እኛ ሀገር ሹሩባና አፍሮ በየቀኑ አይታጠብም። ዱቄቱ ግን በየቀኑ ይቀመጥበታል፣ ማታ ወደ ትራስ ይወርዳል። ስትወጡ ሻሽ እሰሩ፤ ስትገቡ እሱን አውልቁና ለመኝታ ሌላ ንጹህ እሰሩ። የእህቴ ልጅ ከሁሉም ምክሬ ይህን ነው የወደደችው።

አንዳንድ ምልክት ግን ቤት የሚያዝ አይደለም። ደረት ሲያፍን፣ ትንፋሽ ሲያፏጭ፣ ሌሊት ሳል ሲቀሰቅስ ነገሩ ወደ አስም ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። «አስም» የሚለውን ቃል ስለምንፈራ እንደብቀዋለን። አትደብቁት። በ2016 እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ላይ፣ በእኛ ኅዳር 12 ቀን 2009፣ እኛ ጋ ኅዳር ሲታጠን በሚውልበት ዕለት፣ ነጎድጓዳማ ነፋስ የሣር ዱቄት አንስቶ ሺዎችን ትንፋሽ አሳጣ። 10 ሰው ሞተ። ከታመሙት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አፍንጫ እንጂ ደረት ታመው አያውቁም ነበር። ዱቄት በበዛበት ሰሞን ነጎድጓድ ከመጣ ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ካላችሁ ከእጃችሁ አይለይ።

መድኃኒቱ ካልበቃችሁ የቆዳ ምርመራ ጠይቁ፤ የተጠረጠረውን ዱቄት በጠብታ ቆዳ ላይ አድርገው፣ ወጋ አድርገው የትኛው እንደሚያሳብጥ የሚያዩበት ነው። የአለርጂ ክኒን ቀድሞ መቆም አለበት፣ ብዙ ጊዜ ሳምንት ገደማ፤ ክሊኒኩ ይነግራችኋል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው እብጠቱን በጣቱ ዳስሶ እንዲለካ ንገሩት፤ አታፍሩ። ከዚያ ሰውነትን ከዱቄቱ ጋር ቀስ በቀስ የሚያለማምድ፣ በመርፌ ወይም ምላስ ሥር በሚቀመጥ ክኒን የሚሰጥ ሕክምና አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈልጋል። ጠቅልላችሁ ልትገቡ ካሰባችሁ ይህን አስቡበት።

ወደ ባህር ዳር ስትመጡስ? በርችና ኦክ ያለባችሁ እንደ እህቴ ልጅ ታርፋላችሁ። ከቴክሳስ የምትመጡ ግን የገዳማቱና የአድባራቱ ጥድ፣ ግቢ አጥር ላይ ያለውም የፈረንጅ ጥድ፣ የዚያው የሴዳር ዘመድ ናቸው። ጣልያን ወይም ስፔን ኖራችሁ የወይራ አለርጂ የያዛችሁም የእኛን ወይራ ልትጠረጥሩት ይገባል። ደብር ልትሳለሙ ሄዳችሁ ዓይናችሁ ቢያሳክክ መንገድ መታኝ አትበሉ። ክኒኑ በኪሳችሁ ይሁን። የወይራ ጭስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጭስ ስለሆነ ነው የሚቆጠቁጠው።

ስፕሬይና ኢንሄለር በየፋርማሲው ሁልጊዜ ላይገኝ ስለሚችል የሚበቃችሁን ከነካርቶኑ በእጅ ሻንጣ ያዙ። አፍንጫ በጨው ውኃ የምታጥቡ፣ የቧንቧም የጣናም ውኃ በቀጥታ አይሆንም። ብርቅ ሊሆን ቢችልም የሚገድል አሜባ በአፍንጫ በኩል ይገባል። ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት፣ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ተጠቀሙበት።

ዘንድሮም ለፋሲካ እንመጣለን ያላችሁኝ አላችሁ። የመመለሻ ትኬታችሁን እዩ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከሆነ ከአውሮፕላን የምትወርዱት ዱቄቱ መሃል ነው። ስፕሬዩን ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ፣ እዚሁ ጣና ዳር፣ አፍንጫችሁ ምንም ሳይለው ጀምሩት።