አሞራ የተርባይኑን ክንፍ ለምን አያየውም?

ድሬዳዋ አጠገብ፣ መልካ ጀብዱ ዶሮ የሚያረባ አንባቢ ጽፎልኛል። ክንፎቹ ሲዞሩ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር የሚሰፋ ባለ ሦስት ክንፍ የንፋስ ተርባይን አለው። በአንድ ወር ሁለት ጭልፊት ምሰሶው ሥር ሞተው አገኘ። ምሰሶውም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «ልንቀለው?» ይላል።

ቆይ አቦ፣ አትንቀለው። «ከምሰሶው አጠገብ የዶሮ አንጀት የምጥልበት ጉድጓድ» ብለህ አልፈሃል። አሞራውን የሚጠራው እሱ ይመስለኛል። ዛሬውኑ ድፈነው። አዲሱን አርቀህ ቆፍር፣ ክዳን አድርግለት።

«አሞራ ዓይኑ ስለታም አይደል?» ትለኝ ይሆናል። ነው። ግን ምግብ ሲፈልግ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን አያየውም። ፍጥነቱም አለ። ተርባይንህ በደቂቃ 400 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። መሃሉ ላይ ክንፉ ይታያል፤ ጫፉ ግን ይደበዝዝና ባዶ አየር ይመስላል። ቬንትሌተርህን እየው፤ ሲፈጥን ከኋላው ያለው ግድግዳ ይታይሃል። አሞራውም ማዶ ያለውን ሰማይ እያየ ነው የሚገባው። ሦስቱም ክንፍ ነጭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኖርዌይ፣ ስሞላ ደሴት ላይ የአራት ትልልቅ ተርባይኖችን አንድ አንድ ክንፍ ጥቁር ቀቡ። በእነሱ የሚሞተው ወፍ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ።

አንተም አንዱን ጥቁር ቀባ። ግን በትንሽ ተርባይን ላይ የቀለም ክብደትም ባላንስ ያዛባል። ሁለቱን በዚያው ልክ ነጭ ቀባና ሦስቱንም በሚዛን አስተያይ። ቀድሞ የሠራልህ ሰው ወፍ ያባርራል ብሎ የለጠፈውን ሲዲ ፍቀህ አንሣ። አንዱ ክንፍ ላይ ብቻ ለጥፎ መሄዱ ያናድዳል! መንቀጥቀጡ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ካልቆመ ኩሽኔታውን ቀይር። ርካሹን አትግዛ፤ የድሬ አቧራ ቶሎ ይጨርሰዋል። በሁለቱም በኩል በጎማ የተዘጋውን ፈልግ።

ከመንካትህ በፊት ግን ስማኝ። ንፋስ የሌለበትን ሰዓት ጠብቅ። ክንፉ ሲቆም ከተርባይኑ የሚወርዱትን ሦስት ሽቦዎች ከሬክቲፋየሩ (የተርባይኑን ኤሌክትሪክ ለባትሪ እንዲሆን ከሚቀይረው ዕቃ) ነቅለህ እርስ በርስ አገናኛቸው፤ ያኔ መዞሩ ይከብደዋል። ወደ ባትሪው የሚሄዱትን ሁለቱን ፈጽሞ እንዳታገናኝ፣ እሳት ነው። ከዚያ ምሰሶውን በሰው ኃይል ቀስ ብለህ አጋድም፣ ክንፉንም በገመድ እሰር።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ንስሮች ከየመን ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው በጅቡቲ በኩል ይመጣሉ። ፀሐይ ያሞቀው አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚጓዙት። መንጋ ከታየህ ንፋሱ ሳይበረታ ተርባይኑን አቁመው። ስታቆመውም የምታገናኘው ሦስቱን ሽቦ ነው፣ የባትሪውን ሁለቱን አይደለም።