«ስገዛት በግ ነበረች» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የስምንት ዓመት ባዝራ ፈረስ ከገዛሽ ሦስት ሳምንት ሆኖሻል። ሻጩ ጋ ስታያት ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚጋልባት ጭምት ነበረች። አንቺ ጋ ከመጣች ወዲህ ግን ጋጣዋ በር ላይ ስትደርሺ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች፣ ቂጧን ታዞርብሻለች፣ ኮርቻውን ስታጠብቂ ልትነክስሽ ትዞራለች። አብዛኛውን ቀን ጋጣ ውስጥ ብቻዋን ትውላለች። አልፎ አልፎ ሜዳ ላይ ስትለቂያት ደግሞ እሷን ለመያዝ ግማሽ ቀን ያልቃል። «እንድትወደኝ» ብለሽ ገብስ ጨምረሽላታል። «ተሸወድኩ እንዴ? ልመልሳት ወይስ ልታገስ?» ነው ጥያቄው።

ተሸውደሽ ሊሆን ይችላል። ግን በሦስት ሳምንት ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። እስካሁን ያየሽው ድንጋጤዋን ነው፤ አመሏን ገና አላየሽም። ይህን በድፍረት የምናገረው እኔም አንድ ዳማ ሰንጋ ፈረስ ገዝቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት የሻጩን ስልክ ቁጥር አፍጥጬ እያየሁ «ልደውል ወይስ ልተወው» ስል ስለከረምኩ ነው።

እስቲ ነገሩን በእሷ በኩል እዪው። ፈረስ ብቻውን መኖር የማያውቅ እንስሳ ነው። ድሮ በነበረችበት ማን አለቃ እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ሌሎቹ ሲያንቀላፉ ማን ነቅቶ እንደሚጠብቅ ታውቅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መኪና ላይ ተጫነች። ስትወርድ የምታውቀው አንድ ፊት የለም። ሽታው ሌላ፣ ውሃው ሌላ፣ ድርቆሹ ሌላ፣ ሰዉም ሌላ። አንዳንዱ ፈረስ ይህ ሲደርስበት በድን ይሆናል፤ ባለቤቱም «እንዴት ጨዋ ነው» ይላል። (እኔ እንዲያውም እነዚህን የበለጠ እፈራቸዋለሁ። ወር ቆይተው ነው የሚፈነዱት።) ያንቺዋ የተሰማትን ፊት ለፊት ትናገራለች።

«ፈረስ ቆሞ ይተኛል» የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ቆሞ ያንቀላፋል። ጥልቁን እንቅልፍ ለማግኘት ግን መጋደም አለበት፤ ለመጋደም ደግሞ ቦታውን ማመን አለበት። የኔው ዳማ ከመጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ጎኑን አየው ነበር። ንጹሕ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ገለባ እንኳ አልተጣበቀበትም። በአሥረኛው ቀን ግራ ጎኑ ላይ ፋንድያ ተለጥፎበት፣ ጋማው ውስጥ ገለባ ተሰግስጎ አገኘሁት። የቆሸሸ ፈረስ አይቼ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገ ጠዋት የሷንም ጎን እዪው። እንቅልፍ ካጣ ፍጡር ጋር ስለ አመል አይወራም።

ወደ ንክሻው ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት እዚህ ነውና።

ፈረሱ በመጣ በአራተኛው ቀን ኮርቻ ጫንኩበት። ጠፍሩን በሆዱ ሥር ስስበው አንገቱን አዙሮ ክንዴን ያዘኝ። እኔም በጥፊ አልኩት። በማግስቱ ኮርቻውን ተሸክሜ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ወደ ጥግ ሸሸ። የማውቃቸው ሰዎች «አለቃው ማን እንደሆነ አሳየው» አሉኝ። ሰምቼ ጠንከር ያለ ልጓም ገዛሁ። ደንባራ በቅሎ፣ ቃጭል ተጨምሮላት። ራሱን ወደ ላይ መወርወር ጀመረ፤ አንድ ቀንም አሽቀንጥሮኝ ሄደ።

በስተመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሟ አፉን በመክፈቻ ከፍታ በባትሪ አበራችና «ና እይ» አለችኝ። የፈረስ ጥርስ ለብዙ ዓመታት ከድዱ እየወጣ፣ በማኘክ እየተበላ የሚሄድ ነው። እኩል ሳይበላ ሲቀር የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች የውጭ ጠርዝ እየሰላ ጉንጭን ይቆርጣል። የዳማ ጉንጭ በሁለቱም በኩል ከውስጥ ቆስሏል። እኔ ደግሞ ያን በመሰለ አፍ ውስጥ ብረት ስጎትት ነበር የከረምኩት። ቀጥላ ጀርባውን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ወረደች። ጋማው ከሚያልቅበት ትንሽ ዝቅ ብላ ስትነካው ቆዳው ተንቀጠቀጠ፣ ወገቡንም ወደ ታች ሰበቀ። እዚያችው ቦታ ላይ ጥቂት ነጭ ፀጉሮች ነበሩ። ስገዛው «ምን ያለች የምታምር ምልክት ናት» ብዬ ነበር። ኮርቻ ተጭኖ የጎዳው ቦታ ላይ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ እንደሚበቅል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ጥርሱ ተሞረደ፣ ኮርቻው ተቀየረ፣ ለአምስት ሳምንት ማንም አልተጫነውም። ከዚያ በኋላ ንክሻው የተመለሰው ሁለቴ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ሳያያት ኮርቻ አትጫኚባት። ጥርሷን፣ ጀርባዋን፣ ኮቴዋን ያይልሽ። ኮቴ ከ6 እስከ 8 ባለው ሳምንት አንዴ መስተካከል አለበት፤ ሻጩ መቼ እንዳስተካከላት ካላወቅሽ አልፏል ብለሽ ያዢው። ስለ ጨጓራዋም ጠይቂ። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ያመነጫል፤ ተፈጥሮው ቀንም ሌሊትም ጥቂት ጥቂት እያለ እንዲግጥ ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚበላ ፈረስ በመሃል ባዶ ሆዱን ይቃጠላል። ጉዞና ጭንቀት ሲጨመርበት ሊቆስል ይችላል። ጨጓራው ቆስሎ፣ ያውም ሆዱ ሥር ጠፍር ሲጠብቅበት ዝም የሚል ካለ እሱ ነው የሚገርመኝ።

ገብሱን ቀንሺ። ሥራ ለሌለው ፈረስ እህል መጨመር በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ግን ባንድ ቀን አይሁን፤ ማንኛውንም የመኖ ለውጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ከፋፍለሽ አድርጊው። በምትኩ ድርቆሹ አይጥፋባት። 400 ኪሎ ለምትመዝን ባዝራ በቀን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ደረቅ ድርቆሽ ያስፈልጋታል፤ በተቻለሽ መጠን ከፋፍለሽ ስጪያት። ፋንድያዋንም በየቀኑ እዪ። እየተመላለሰች ሆዷን ዞራ ካየች፣ መሬት ከቧጠጠች፣ እየወደቀች እየተነሳች ከተንከባለለች፣ ወይም ፋንድያ ካቆመች «እስከ ነገ ልየው» አትበዪ። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የሆድ ቁርጠት ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው፤ ወዲያው ለሐኪም ደውዪ።

ሻጩ ጋም ደውዪ። ለጠብ አይደለም፣ ለመረጃ። ምን ትበላ ነበር? ስንት ሰዓት ውጭ ትውላለች? ከማን ጋር? ማን ነበር የሚይዛት፣ በየትኛው ኮርቻ? ምናልባት ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ከጓደኞቿ ጋር የምትውል፣ በየቀኑ የምትሠራ ፈረስ ነበረች። ያቺ ባዝራ ጋጣ ውስጥ ብቻዋን ተዘግታ እህል ሲጨመርላት ሌላ ፈረስ ብትሆን አይግረምሽ። ማረጋጊያ መድኃኒት ሰጥተው ፈረስ የሚያሳዩ ሻጮች እንዳሉ አልክድም። ለዚህ ነው አንዳንድ ገዢዎች በግዢው ቀን ደም አስቀድተው የሚያስቀምጡት። አሁን ለዚያ ረፍዷል፤ እሱን እያብሰለሰልሽ አትክረሚ።

አሁን የጋጣው በር። ጆሮዋን ስትለጥፍ ምን ታደርጊያለሽ? ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ይቆጣል ወይ ደንግጦ ይመለሳል። ስትቆጪ ፍርሃቷ ልክ እንደነበር ታረጋግጪላታለሽ። ስትመለሺ ደግሞ ጆሮ መለጠፍ እንደሚሠራ ታስተምሪያታለሽ። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ከበሩ ውጭ፣ ጥርሷ በማይደርስበት ርቀት ቆሚ። ዓይኗን አትዪ፤ ጎንሽን ስጪያት። ጠብቂ። ሁለት ደቂቃም ይሁን አሥር። የሆነች ሰዓት ላይ ጆሮዋ ለአንዲት ሰከንድ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ይላል። ልክ በዚያች ሰከንድ ዞረሽ ሂጂ። አዎ፣ ሂጂ። ለእሷ ትልቁ ሽልማት የአንቺ መሄድ ነው፤ ይህን ክፉ አትበዪው፣ ተጠቀሚበት። ተመልሰሽ ድገሚው። እኔ ይህን ለዘጠኝ ወይም ለአሥር ቀን በቀን ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ቤተሰቦቼ አበደ ብለው ነበር።

ፈረስ የምትማረው ስትጫኛት ሳይሆን ስትለቂያት ነው። ገመዱን ስበሽ አንድ እርምጃ ከመጣች፣ ገመዱ እዚያው መላላት አለበት። ሦስት ሰከንድ ከዘገየሽ ለምን እንደለቀቅሽላት አይገባትም። ደግሞ ገመድ እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ፤ የደነበረ ፈረስ ጣት ይዞ ይሄዳል። ስታስሪያትም ባንድ ጉተታ በሚፈታ ቋጠሮ ይሁን።

ሜዳ ላይ አታሳድጃት። ሩጫ ላይ ከፈረስ ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ የለም፣ እሷም ጨዋታው ይጥማታል። እኔ ባልዲ ገልብጬ ሜዳው መሃል እቀመጥና አነብ ነበር። አፍሳሩን ቤት ትቼ። ለአንድ ሳምንት ያህል ዳማ ከሩቅ እየጋጠ በአንድ ዓይኑ ሲሰልለኝ ከረመ። አንድ ቀን ከኋላዬ ሣር ሲነጭ ድምፁ ቀረበኝ። አልዞርኩም። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ሞቀኝ፤ ከዚያ ጃኬቴን በከንፈሩ ጎተት አደረገና ሄደ። አልነካሁትም። አሁን ሳስበው፣ ያኔ እጄን ብዘረጋ ኖሮ ሌላ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

ስትቀርቢያት በትከሻዋ በኩል ሁኚ፣ እያወራሽ። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ማለት ይቻላል ታያለች፤ ልክ ከጭራዋ ጀርባና ከግንባሯ ፊት ለፊት ግን አታይም። ከኋላ የሚመጣን ነገር መጀመሪያ ትራገጣለች፣ ማንነቱን በኋላ ታጣራለች። ልትነክስሽ ስትዞር ፊቷን አትምቺ፣ እጅ የምትፈራ ፈረስ ይተርፍሻል። ክርንሽን አውጥተሽ አፏ እንዲያርፍበት አድርጊ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ግፊያት፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራሽን ቀጥዪ። ቂም አትያዢ። ጣፋጭ ነገርም ከእጅሽ አታብያት፣ ባልዲ ውስጥ ጣይላት።

ስለ ራስሽ ደግሞ አንድ ነገር። በርሊን ውስጥ «ብልሁ ሃንስ» የሚባል ሒሳብ ይሠራል የተባለለት ፈረስ ነበር። መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲያጠናው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሃንስ የሚያቆመው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያሳየውን ጥቂት የራስ እንቅስቃሴ አይቶ ነበር። እንዲህ የሚያይ እንስሳ ፊት ትንፋሽሽን ውጠሽ፣ ትከሻሽን ወጥረሽ «አልፈራሁሽም» ብትያት ማን ያምንሻል? ስትፈሪ ከአጥሩ ውጭ ሁኚ። ሥራ ውለሽ ተናደሽ በመጣሽ ቀን ድርቆሽ ሰጥተሽ ብቻ ተመለሺ።

ብቻዋን መሆኗ መፍትሔ ይፈልጋል። ሌላ ፈረስ ማግኘት ከቻልሽ በመጀመሪያ በአጥር ተለያይተው ለጥቂት ቀን ይተያዩ፣ ይሽታተቱ። ስታገናኚያቸው ሰፊ ቦታ ላይ ይሁን፣ የድርቆሹም ክምር ከፈረሶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ጩኸትና ርግጫ ትንሽ ይኖራል፣ ያልፋል። ባዝራ ስለሆነች ደግሞ የከፋችባቸውን ቀናት ማስታወሻ ላይ ጻፊ። የወሲብ ዑደቷ 21 ቀን ገደማ ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚመላለስ ክፉ ሳምንት ካገኘሽ ለሐኪሙ የምትነግሪው ነገር ይኖርሻል።

ሁሉም ፈረስ ይስተካከላል አልልሽም። ሕመም እንደሌለባት ተረጋግጦ፣ ወራት ሰጥተሻት፣ አሁንም ሆን ብላ እየመጣች የምታጠቃሽ ከሆነ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ጥሪ። እሱም ከአቅምሽ በላይ ናት ካለሽ አመሏን ሳትደብቂ ለሚችላት ስጪ። እስከዚያው ሄልሜትና ጠንካራ ጫማ ሳታደርጊ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ጋጣዋ አትግቢ። ዳማ በራሱ ፈቃድ በሩ ድረስ መጥቶ የተቀበለኝ በአምስተኛው ወር ነው። ጃንጥላ ግን ዛሬም አይወድም፤ ዝናብ ሲጥል እኔ ነኝ የምበሰብሰው።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። ለመንከስ የምትዞረው ጠፍሩን ከየትኛው ጎን ስታጠብቂ ነው? በሁለቱም ነው ወይስ ባንዱ ብቻ? ባዶ እጅሽን ሆዷ ሥር ስታሳልፊስ? ኮርቻ ሳትጭኚ ይህን ሌላ ሰው ራሷን ይዞልሽ ቀስ ብለሽ ሞክሪና ንገሪኝ። ሐኪሙም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ይመስለኛል።