ሞክሼ ሲገጥማችሁ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ለክትትል ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ነርሷ ብቅ አለችና አንድ ስም ከነአባቱ ጠራች። ሁለት ሽማግሌዎች ብድግ አልን። ተያይተን ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። "የአያት?" አለች። የእሱ ነበር፤ እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከ40 ዓመት በላይ ስፖርት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያቺን አንዲት ቃል በጊዜ ለምጄ ቢሆን ኖሮ አንድ ትልቅ ውርደት ይቀርልኝ ነበር። ጋዜጠኝነት ለጀመራችሁም፣ በሌላ ሥራ የሰው ስም ለምትመዘግቡም ትሆናለችና ላውራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1980 ገደማ ነው። ስለ ስዊድናዊው ቦክሰኛ ኢንገማር ዮሃንሰን እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጁን 26 ቀን 1959 ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ፍሎይድ ፓተርሰንን በሦስተኛው ዙር ሰባት ጊዜ ጥሎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ሰውዬ ነው። የኦሎምፒክ ታሪኩን ፍለጋ ቢሮ ውስጥ የነበረንን ሽፋኑ የተገነጠለ የውጤት መጽሐፍ ገለጥኩ። 1952፣ ሄልሲንኪ፣ ከባድ ሚዛን። የብር ሜዳሊያው ቦታ ባዶ ነው። ወደ ኋላ ስገልጥ ግን 1948፣ ለንደን ላይ አገኘሁት። ኢንገማር ዮሃንሰን፣ ስዊድን፣ ብር። ውድድሩ የ10 ሺህ ሜትር እርምጃ ይላል።

እዚህ ጋ መቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ጭራሽ ደስ አለኝ። ቦክሰኛው በልጅነቱ የእርምጃ ተወዳዳሪ እንደነበር፣ ፓተርሰንንም የጣለው ያ የእግር ጥንካሬ እንደሆነ አሳምሬ ጻፍኩት። እንዴት እንዳማረልኝ!

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ድሮ ቦክስ ይጋጠሙ የነበሩ አዛውንት ናቸው። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ሰውዬው ፓተርሰንን ሲዘርር 26 ዓመቱ ነበር። እስቲ ወደ ኋላ ቁጠር" አሉኝና ዝም አሉ። ስልኩን እንደያዝኩ በጣቴ ቆጠርኩ። ለንደን ላይ 15 ዓመቱ ነው። ለካ ሁለት ሰዎች ናቸው!

የባዶው ቦታ ነገር በኋላ ነው የገባኝ። ቦክሰኛው ሄልሲንኪ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። ከአሜሪካዊው ኤድ ሳንደርስ ጋር ሲጋጠም "አትዋጋም" ተብሎ በሁለተኛው ዙር ተባረረ። ሜዳሊያውንም ከለከሉት። የሰጡት ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። እኔ ታዲያ ያንን ክፍት ቦታ ሳይ፣ ያልሆነ ሰው አምጥቼ ደፈንኩበት። ስም ሲገጥም ልብ ይደነዝዛል። የቀረውን ራሳችን እየሰፋን እንሞላዋለን።

ስዊድኖች በዚህ ነገር ከእኛ ብዙም አይርቁም። ድሮ የአንደርስ ልጅ አንደርሰን፣ የላርስ ልጅ ላርሰን ይባል ነበር። ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል። ኋላ ላይ እየረጋ መጣና በ1901 የወጣ ደንብ የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይቀየር እንዲወረስ አደረገ። ስለዚህ የዛሬው አንደርሰን አባቱ አንደርስ አይደለም፤ ምናልባት የቅድመ አያቱ አባት ነው። ድሮ ወታደሮቻቸው ዘንድ ችግሩ ብሶ በአንድ ሻምበል ውስጥ አንደርሰኑ ሲበዛ አጭር አጭር የወታደር ስም ያወጡላቸው ነበር። "ራስክ" ማለት ቀልጣፋ፣ "ዶልክ" ማለት ጩቤ። የእኛን የፈረስ ስም ያስታውሰኛል።

ከሁሉም የምወደው የጉናር ላርሰኖችን ነው። አንዱ የበረዶ ሸርተቴ ሰው ነው። በ1968 ግሬኖብል ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር ወሰደ። ሌላው ዋናተኛ ነው፤ በ1972 ሙኒክ ላይ ሁለት ወርቅ። የ400 ሜትር ድብልቅ ዋናውን ልብ በሉልኝ። እሱና አሜሪካዊው ቲም ማኪ ግድግዳውን እኩል ነኩ። ሰሌዳው ለሁለቱም 4 ደቂቃ ከ31.98 ሰከንድ አለ። ዳኞቹ አንድ አሃዝ ወረዱ። ላርሰን 31.981፣ ማኪ 31.983። ወርቁ በሰከንድ ሁለት ሺህኛ ተለየ። በዋና ፍጥነት ይህ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የገንዳው ግድግዳ ራሱ ያን ያህል እኩል ሆኖ መሠራቱን ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ዋና ላይ መቶኛው ሰከንድ እኩል ከሆነ ሜዳሊያው የጋራ ሆኗል። እኔን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ሁለት ዋናተኛ ለመለየት ያን ያህል ተጨነቁ፤ እኔ ብጤው ደግሞ ዋናተኛውን ከበረዶ ሸርተቴው ጋር አንድ ያደርገዋል።

እግር ኳሱን ተዉት። በ1994 የዓለም ዋንጫ ስዊድን ሦስተኛ ስትወጣ አምስት ጎል ያገባው ኬኔት አንደርሰን ነው፤ ተከላካዩ ፓትሪክ አንደርሰን። ወንድማማች አይደሉም። የፓትሪክ ወንድም ዳንኤል አንደርሰን የማልሞ አማካይ ነበር። ሄልሲንቦሪ የሚባለው ክለብ ደግሞ ሌላ ዳንኤል አንደርሰን ነበረው፣ ግብ ጠባቂ!

ስለዚህ ስም ስታገኙ መጀመሪያ የትውልድ ዘመኑን ፈልጉ። ስፖርቱና ክለቡ ይደርሳል። ጎግል የሚሰጣችሁን ፎቶ ቶሎ አትመኑ። ታሪኩ በጣም ሲጣፍጥ ደግሞ ብዕራችሁን አስቀምጡና ዕድሜ ቁጠሩ። እኔ ከዚያ ስልክ በኋላ በደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የልደት ዓመት ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም። አለቃዬ "የቀበሌ ጸሐፊ" ይለኝ ነበር፤ ይበለኝ።

የእኛ ሰው ውጭ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አበባ አረጋዊ በ2013 ሞስኮ ላይ ለስዊድን ሮጣ በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን፣ ፈረንጆቹ በደፈናው "አረጋዊ" አሏት። አረጋዊ አባቷ ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም።

ያ የጤና ጣቢያው ሞክሼዬ ጨርሶ ሲወጣ አጠገቤ ቁጭ አለ። "ወንድሜ፣" አለኝ፣ "ባለፈው ስኳር አለብህ ብለውኝ ወሩን ሙሉ ሻይ በባዶው ስጠጣ ከረምኩ። ዛሬ ደግሞ ምንም የለብህም አሉኝ። ጉድ እኮ ነው!"

ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ። ሻይ ጋበዝኩት፤ ሦስት ማንኪያ ጨመረበት።