ከሰው ሴል በተሠራ ቆዳ የተገኘ ውጤት ሌላ አገር ይቀበለዋል ወይ?

ጥንቸል ላይ የሚደረገውን የቆዳ መቆጣት ሙከራ ትታችሁ ኤፒደርም በሚባለው ከሰው ሴል በተሠራ ቆዳ ልትሠሩ ነው። ዘዴውን እንደ አዲስ ቫሊዴት እናድርግ (አስተማማኝነቱን በሙከራ እናረጋግጥ) ወይ፣ ኬሚካሉ ከታጠበ በኋላ ቲሹው፣ ማለትም የተሠራው ቆዳ፣ የሚቆይበትን 42 ሰዓትስ ብናሳጥረው ብላችኋል። ለመጀመሪያው መልሱ አያስፈልግም ነው። ሰዓቱን ካሳጠራችሁ ግን ያስፈልጋል።

ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2010 የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የሙከራ መመሪያ 439 ሆኖ ስለጸደቀ የቫሊዴሽን ሥራው አልቋል። አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ጃፓንና ካናዳ በ2009 የተፈራረሙት፣ ደቡብ ኮሪያም በ2011 የገባችበት የአማራጭ ዘዴዎች ትብብር የቆመው አንዱ የደከመበትን ሌላው ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። እናንተ ማሳየት ያለባችሁ እጃችሁ መፍታቱን ነው፤ መመሪያው የዘረዘራቸውን 10 የብቃት ማሳያ ኬሚካሎች ሠርታችሁ በትክክል መመደብ። በዚያ ላይ ሥራው በጂኤልፒ (መልካም የላቦራቶሪ አሠራር) ሥርዓት መሆን አለበት። የ1981ዱ የኦኢሲዲ ውሳኔ አባል አገሮችን የሚያስገድደው መረጃውን እንዲቀበሉ እንጂ ከመረጃው የሚደርሱበትን ፍርድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል።

ወደ 42ቱ ሰዓት እንመለስ። በኤፒደርም አሠራር 30 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ወይም 25 ሚሊ ግራም ዱቄት ለ60 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ቲሹው ለ42 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ በቀላሉ የተጎዳው ሴል ያገግማል፤ የእውነት የተመታው ደግሞ ይሞታል። ብታሳጥሩት ሁለቱ ይቀላቀሉና ውጤቱ፣ ማለትም በሕይወት የቀረው ሴል መጠን፣ የሚያስቆጣውን ከማያስቆጣው በሚለየው 50 በመቶ ወሰን ላይ ይዋልላል። ለውጡ የግድ ከሆነ በመመሪያው የአፈጻጸም መስፈርት 20 ማጣቀሻ ኬሚካሎችን ቢያንስ በሦስት ላቦራቶሪ ማሠራት ይመጣል፤ በላቦራቶሪው ውስጥ 90 በመቶ፣ በላቦራቶሪዎች መካከል 80 በመቶ መጣጣም ይጠበቃል። ለጥቂት ሰዓት ቁጠባ ሲባል የማይገባ ወጪ ነው።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ግን እጥበቱ ላይ ነው። ቅባታማ ወይም የሚጣበቅ ነገር ቲሹው ላይ ከቀረ መርዙ በ42ቱ ሰዓት ሙሉ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ኃይለኛ እጥበት ደግሞ ቲሹውን ይገነጥለዋል። አንዱ ኬሚካል የተሞከረባቸው የሦስቱ ቲሹዎች ውጤት መደበኛ ልዩነት ከ18 በመቶ ካለፈ በቅድሚያ የሚጠረጠረው አጣቢው እጅ ነው። ከቲሹው ሥር የአየር አረፋ መቅረቱም ሌላው ነው፤ ምግብ ያጣ ቲሹ ኬሚካል ሳይነካውም ይሞታል።

ሕያው ሴል ቀለሙን ሲለውጠው የሕያው ሴሉን መጠን የምንለካበትን ኤምቲቲ የተባለ ውህድ ራሱ የሚለውጥ ኬሚካል ደግሞ ሙቱን ቲሹ ሕያው ያስመስላል። ኬሚካሉን ከኤምቲቲ ውህዱ ጋር ያለ ቲሹ ቀላቅላችሁ እዩት፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከተለወጠ በቅዝቃዜ በተገደለ ቲሹ ቁጥጥር ሥሩና የሚታየውን ቀለም ከውጤቱ ቀንሱ። በራሱ ቀለም ያለው ኬሚካል ሲሆን መቆጣጠሪያው ኤምቲቲ የሌለበት ሕያው ቲሹ ነው።

ከ50 በመቶ በታች ከወጣ «ምድብ 2» (ቆዳ የሚያስቆጣ) ብላችሁ ለመፈረም አትቸኩሉ። መመሪያ 439 ቆዳ የሚያቃጥለውን ከሚያስቆጣው አይለይም፤ ማቃጠሉን በመመሪያ 431 አጣሩ።