አፕሉ ያብባል፣ ፍሬው ግን ይረግፋል

ጥያቄ፦ የምኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ሲናን ወረዳ ነው። ጓሮዬ ውስጥ አራት የአፕል ዛፎች አሉኝ፤ ሁለቱ ክሪስፒን፣ ሁለቱ ጆናጎሬድ ናቸው። ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አበባቸው ቅርንጫፉን ይሸፍነዋል፤ ፍሬው ግን አተር ሲያክል ይረግፋል፣ የተረፈውም ጎባጣ ነው። ፍግም ውሃም አላጓደልኩም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የፍጉም የውሃውም አይደለም፣ የዝርያው ነው። አፕል በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ አይሆንለትም፤ ዱቄቱ ከሌላ ዝርያ መምጣት አለበት። «ሁለት ዝርያ አለኝ እኮ» ይሉ ይሆናል። ክሪስፒንም ጆናጎሬድም ግን እንደ ሌላው አፕል ሁለት ሳይሆን ሦስት እጥፍ ክሮሞዞም (የዘር ውርስ ተሸካሚ ክር) ስላላቸው ዱቄታቸው መካን ነው ማለት ይቻላል። ይቀበላሉ እንጂ አይሰጡም። ጓሮዎ ውስጥ አራት ተቀባይ አለ፣ ሰጪ የለም።

ለማረጋገጥ አንዱን ጎባጣ ፍሬ ወገቡ ላይ አግድም ይቁረጡት። እንደ ኮከብ አምስት ክፍል ይታያል፤ ዱቄት በደንብ በደረሰው አፕል በየክፍሉ ሁለት ሁለት ዘር ይቀመጣል። የእነዚህ ሁለት ዝርያዎች ዘር ቢሳካላቸውም ጥቂት ነው፤ ክፍሎቹ በሙሉ ባዶ ከሆኑ ወይም የጎበጠው ዘር በሌለበት በኩል ከሆነ ግን ዱቄት አልደረሰም።

መፍትሔው ሁለት ሰጪ ዝርያ መጨመር ነው። አንድ ብቻ ቢተክሉ ለእርስዎ ዛፎች ይሰጣል፣ ለራሱ ግን ሰጪ ያጣል። ግራኒ ስሚዝና ፉጂ ይሆናሉ። ጎልደን ዴሊሸስን ግን ለዚህ ሥራ አይግዙ፤ የሁለቱም ወላጅ በመሆኑ ሰባት ቤት ቆጥረው እንደማይጋቡ ዘመዶች ዱቄቱን አይቀበሉትም። አና እና ዶርሴት ጎልደን እርስ በርሳቸው ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀድመው ያብባሉና ከእርስዎ ዛፎች ጋር አይገናኙም።

አዲሱን ችግኝ ከነባሮቹ በ15 ሜትር ውስጥ ይትከሉ። ለማበብ ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ፈጠን የሚለው መንገድ የሰጪውን ዝርያ ቀንበጥ ነባሩ ዛፍ ላይ ማዳቀል (ቆርጦ ማጣበቅ) ነው፦ እምቡጡ ሳያብጥ፣ እርሳስ የሚያክል ውፍረትና ሦስት አራት ዓይን ያለው ቀንበጥ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አዳቅለው በፕላስቲክ አጥብቀው ይሰሩ። ቅርንጫፉን ቀለም ይቀቡት፤ ቀጣይ ዓመት ሲገርዙ እሱኑ ቆርጦ መጣል የተለመደ ስህተት ነው።

ለዘንድሮው፣ ጎረቤት ጋ ሰጪ ዝርያ ካለ ግማሽ በግማሽ የፈካ ቅርንጫፍ ይጠይቁ። ጠዋት አምጥተው ውሃ ባለው የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ከዛፉ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ሲጠወልግ ይተኩ።

ይህ ሁሉ ያለ ንብ አይሠራም። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ንብ እምብዛም አይወጣም፤ የጮቄ ተራራ ነፋስም ይከለክለዋልና ከነፋሱ በኩል አጥር ይኑር። ቀፎውን በሌሊት ያስገቡ፣ አበባው መፍካት ሲጀምር እንጂ ቀድሞ አይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ንቡ አጠገብ ያለውን የባቄላ አበባ ይለምዳል። ከቅርብ ጎረቤት የመጣ ቀፎ ንቡ ወደ ድሮ ቦታው ይመለስበታል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ከራቀ ግን ይቀመጣል። ዛፎቹ እያበቡ የተባይ መድኃኒት አይርጩ።

ዛፎቹ እንዲያብቡ ብለው ቅጠል የሚያራግፉ ከሆነ የሁሉንም ዛፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያራግፉ፣ አዳቅለው የጨመሩትን ቅርንጫፍ ጭምር፤ አበባቸው የሚገጥመው ያኔ ነው።